«አባቴን ሆቴል ግድግዳ ላይ አገኘሁት አለኝ»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። 31 ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ፎቶ ቤቱን የከፈተው አባቴ ነበር። በፊልም ዘመን ጨለማ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ቆሜ፣ ወረቀቱ መድኃኒት ውስጥ ተነክሮ የሰው ፊት እየወጣበት ሲመጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ድሮ ቤታችንን የሚያኖረው ጉርድ ፎቶ ነበር። አሁን ፓስፖርቱም ፋይዳውም እዚያው ቢሮው ካሜራ ፊት አስቀምጦ ያነሳል። ለሌላው ሌላው ደግሞ ሰው ስልኩ ይበቃዋል። እኔ የምኖረው በጥርና በሚያዝያ ሰርግ፣ በተማሪ ምርቃት፣ ደግሞም የሟች ጉርድ ፎቶ ለለቅሶ አሳድጎ በማተም ነው። የምወደው ሥራ ግን ሌላ ነው። አንድን ሰው ለብቻው አስቀምጬ ፊቱን ማንሳት፤ ፖርትሬት።

አምና ታኅሣሥ ላይ አንድ አባት ከባሶና ወራና ገጠር ገበያ ወጥተው እኔ ጋ ገቡ። የመሬት ደብተራቸው ዝናብ ገብቶበት ተበላሽቷል፤ ለማስቀየር ጉርድ ፎቶ አምጡ ተብለዋል። ቆባቸውን አስወልቄ ጉርዱን አነሳኋቸው። እስኪታተም በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ብርድ ስለነበር ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበው፣ ከሥሩ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠቅልለው ነበር። የበሩ ብርሃን በጎን መጣ። ነጠላው ብርሃኑን ተቀብሎ አገጫቸው ሥር ይመልሰዋል። ካሜራዬ የበርኖሱን ጥቁረት አይቶ ምስሉን ሊያፈካብኝ ሲል፣ እኔ ፊታቸውን ለክቼ ቀነስኩት። «አባባ፣ አንዴ እንዲሁ ላንሳዎት?» አልኳቸው። «ምን ልረባሽ» ብለው ሳቁ። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በካሜራዬ ስክሪን ላይ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆይተው «ይኼስ ለልጆች ይሁን፤ አንድ ታወጪልኛለሽ» አሉኝ። በሚቀጥለው ገበያ ይምጡ አልኳቸው።

ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ የሱቁ መስታወት ላይ ሰቀልኩት። ደንበኛ አመጣልኝ። «እንደ ሽማግሌው አድርገሽ አንሺኝ» የሚል ሰው በዛ። ጥር ላይ እኔ ለሰርግ ሥራ ወጥቼ ሳለ አባባ መጥተው ነበር አሉ። ቤቱ ዝግ ነበር። ደጄ ላይ የሚሠራው ሊስትሮ ነው የነገረኝ፤ መስታወቱ ፊት ብዙ ቆመው ሄዱ አለኝ። ከዚያ በኋላ አልመጡም። እኔም በሥራ ብዛት ረሳሁት።

ሐምሌ ላይ አንድ ሆቴል ለሳሎኑ ፈልጎት አንድ ቅጂ በ7 ሺህ ብር ሸጥኩ። ዘንድሮ ጥር ላይ አንድ ጎልማሳ በንዴት ቤቴ ገባ። ታላቅ ልጃቸው ነው። አባባ ለካ አምና ግንቦት አርፈዋል። «ሻይ ልጠጣ ገብቼ አባቴን ሆቴል ግድግዳ ላይ አገኘሁት» አለኝ። አባታችንን ቸርችረሻል፣ 60 ሺህ ብር ካልከፈልሽ እከስሻለሁ ብሎኝ ሄደ። በሳምንቱ ትንሿ ልጃቸው መጣች። እሷ አልተቆጣችም። መስታወቱ ፊት አለቀሰችና «ለሙት ዓመቱ አንድ ስጪኝ» አለችኝ። ፈራሁ። ከሰጠሁ ጥፋቴን ያመንኩ መሰለኝ። ከወንድምሽ ጋር ስንጨርስ አልኳት። ስልኳን ትታልኝ ሄደች።

ወንድሜ «ካሜራው ያንቺ፣ ጥበቡ ያንቺ፣ ለአንዱ ከከፈልሽ ነገ ሁሉም ይመጣል» ይላል። እናቴ ደግሞ አውርጂና ስጫቸው ትላለች። ፎቶው እስካሁን እንደተሰቀለ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ካሜራ ማንሳት ከብዶኛል። ጉርድ ብቻ ነው የማነሳው። ምን ላድርግ?

ፎቶ አንሺዋ፣ ከደብረ ብርሃን

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩት በኋላ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ስለ 60 ሺው ብር አልነበረም። ስለ ሊስትሮው ነው። ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ነጠላው፣ ስለ በርኖሱ ስትጽፊ እጅሽ አይሰስትም። አባባ ተመልሰው መጥተው በር ተዘግቶባቸው መስታወት ፊት የቆሙበትን ግን በሁለት መስመር አልፈሽዋል። ሰው በጣም የሚያመውን ነገር እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ ቶሎ ብሎ። ልጁ መጥቶ ባይቆጣም ኖሮ ይህ ነገር አንድ ቀን ይመጣብሽ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካሜራ ማንሳት የከበደሽ መቼ ነው? ልጁ ከተቆጣ በኋላ ነው ወይስ ልጅቷን ባዶ እጇን ከሸኘሽ በኋላ? መልሱን ለእኔ መላክ የለብሽም። ለራስሽ ግን ማወቁ ይጠቅምሻል። የመጀመሪያው ከሆነ የያዘሽ ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ ነገሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ሁለተኛው ከሆነ የያዘሽ ዕዳ ነው፤ እሱን 60 ሺህ ብርም አይከፍለውም።

ስለ ልጁ ትንሽ ላውራ፤ ደብዳቤሽ ላይ እንደ ባለጋራ ብቻ ነው ያለው። ሰውዬው አባቱን ቀብሯል። ገና ዓመት አልሞላውም። አንድ ቀን ደክሞት ሻይ ሊጠጣ ሆቴል ይገባል። ቀና ሲል አባቱ በርኖሳቸውን ደርበው ያዩታል፤ ከበላዩ መብራት፣ ከሥሩ ማኪያቶ የሚጠጣ እንግዳ ሰው። እሱ ቤት ያ ፎቶ የለም። የማያውቀው ሰው ግን ገዝቶት ሰቅሎታል። እኔ ብሆን ሻዩን የምጨርስ አይመስለኝም። «ቸርችረሻል» ያለሽ ቃል ከባድ ነው፤ ተገቢም አይደለም። ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። 60 ሺህ የሚለው ቁጥርስ ከየት መጣ ብለሽ ጠይቀሽዋል? ምናልባት የድግሱ ወጪ ይሆናል። ምናልባት ንዴት ብቻ ነው። ሰው ሲናደድ የሚጠራው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የቁስሉ ልክ እንጂ የሂሳቡ ልክ አይደለም።

እኛም ቤት የሆነ ነገር አለ። ደብረ ሲና ያለው የአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የአያቴ ፎቶ ተሰቅሏል። ከጉርድ ፎቶ ለለቅሶው ያሳደጉት ነው። ዓይናቸው እንደ ደነገጠ ሰው ፈጦ ቀርቷል። ከአንገት በታች ደግሞ ኮትና ክራባት በኮምፒውተር አልብሰዋቸዋል። አያቴ በሕይወታቸው ክራባት አስረው አያውቁም! ልጆቹ ስናያቸው እንስቃለን፤ እናቴ ግን ሌላ ፎቶ ስለሌላት በየቀኑ አቧራውን ትጠርገዋለች። ብዙ ሰው ቤት ያለው ይህ ነው። ሥራሽ ነውና ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እንግዲህ እነዚያ ልጆች እጅ የሌለው፣ አንቺ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው፣ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አስቢው። አባታቸው እንዳሉ፣ በገዛ በርኖሳቸው፣ ስቀው የጨረሱ ሰሞን።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ወንድምሽ ያነሳው ነገር ስላለ። ወንድምሽ በግማሽ ልክ ነው። ፎቶ እንደ ሥራ ይጠበቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍን መብት ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። ያንን ፎቶ ሌላ ሰው አንስቶ ካሌንደር ላይ ቢያትመው «የእኔ ሥራ ነው» ብለሽ ትከራከሪያለሽ። ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አለ። አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ተነሺው ፈቃድ ሕዝብ በሚያየው ቦታ አይሰቀልም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭ አይቀርብም ይላል። አንቀጽ 28 የተለዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ በአደባባይ የተደረገ ነገር፣ የታወቀ ሰው፣ የመሳሰለው። ጥምቀት ላይ ሕዝቡ መሐል ያነሳሽው ፎቶ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። በርጩማ ላይ ለብቻቸው የተቀመጡ አባት ግን እዚያ ውስጥ የሚገቡ አይመስለኝም። ፈቃድ ሳይኖር የተሰቀለ ፎቶ እንዲወርድ መጠየቅ ይቻላል። ፍርድ ቤት ተገቢ መስሎ ከታየው ከፎቶው ከተገኘው ጥቅም ጋር የሚመዛዘን ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። አውርጂ ተብሎ ባለበት መተው ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። የሟች ቤተሰብ ጉዳይ አንቀጽ 30 ላይ ለብቻው ተቀምጧል፤ እዚያ የሟቹ ክብርና ስም መነካት አለመነካቱም ይታያል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። መጥሪያ ከመጣብሽ ከአንድ የሕግ ባለሙያ ጋር ተቀመጪ፤ ለእሱ የምታወጪው ብር አይቆጭሽም። ነገሩ እዚያ ሳይደርስ ማለቅ ይችላል የሚል ተስፋ ግን አለኝ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ?

ፎቶውን ዛሬ አውርጂው። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ። ይህ ጥፋትን ማመን አይደለም። በጠብ መካከል የሟች ፊት መስታወት ላይ አይቆይም፤ በኋላ ቤተሰቡ ፈቅዶ ተመልሶ ይሰቀል ይሆናል። ቦታው ባዶ ከሚሆን ያንቺን ፎቶ ስቀይበት። እየቀለድኩ አይደለም። ፎቶ አንሺ ራሱ ተሰቅሎ ሲያየው ምን እንደሚሰማው ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ልጅቷ ጋ ደውዪ። ከወንድሟ ጋር ሳትጨርሺ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው፤ እናትሽም ሳትቆጣሽ አልቀረችም። «ለልጆች ይሁን» ብለው ያዘዙሽ አባቷ ናቸው። እሷ አዲስ ነገር አልጠየቀችሽም፤ የዛሬ ዓመት የታዘዘ ፎቶ ነው ልትቀበል የመጣችው። ፎቶው ካንቺ ዘንድ የቆየ የሰው ዕቃ ነው። የሰው ዕቃ ደግሞ ክርክር እስኪያልቅ በመያዣነት አይያዝም። በጥሩ ወረቀት አሳትሚው፤ ለእያንዳንዱ ልጃቸው አንዳንድ፣ ለእናታቸውም ካሉ አንድ፣ ፍሬም አስገቢበት። ጉርዱንም አብረሽ አውጪው። ባዶ ጭንቅላታቸውን የተነሱት ያ ጉርድም ለቤተሰብ የራሱ ዋጋ አለው።

ከዚያ ሂጂ። እነሱ ሱቅሽ ድረስ ሁለቴ መጥተዋል፤ አሁን መንገዱ ያንቺ ነው። ብቻሽን ግን አትሂጂ፤ ወንድምሽንም ይዘሽ አትሂጂ። ወንድምሽ ሲወድሽ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ሰው ሽምግልና ላይ አንድ ቃል ይጥልና ነገሩ እንደ አዲስ ይነሳል። ከእድራችሁ ሁለት ጨዋ ሽማግሌ ምረጪ። ቢቻል አንዱ አባትሽን የሚያውቁ ይሁኑ። እናትሽ አብራ ብትሄድ ደስ ይለኛል፤ ባል የቀበረች ሴት ለቅሶ ቤት ስትገባ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋትም። ቀኑን በልጅቷ በኩል አስይዢ። ገብታችሁ መጀመሪያ የምትሉት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው። ስለ ገንዘብ ከመነሳቱ በፊት ፎቶዎቹን አውጪ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ከመናገራቸው በፊት አንቺ ተናገሪ።

ምን ትያለሽ? የሆነውን። አባባ ስቀው እንደተነሱ። ለልጆች ይሁን እንዳሉ። በገበያው መጥተው ዝግ ሆኖ እንዳገኙት። መስታወቱ ፊት ቆመው እንደሄዱ። እንደረሳሽው።

ይህን መናገር ልጁን ሊያናድደው እንደሚችል አውቃለሁ። «ሽማግሌ አመላልሰሽ!» ይልሽ ይሆናል። መደበቅም ይቻላል፤ ከአንቺና ከሊስትሮው በቀር የሚያውቅ የለም። ሁለቱን መዘንኩት፤ ተናገሪ የሚለው አመዘነብኝ። አንደኛ፣ ተደብቆ የኖረ ነገር ሊስትሮው አፍ ላይ አንድ ቀን ይወጣል። ከዚያ የሚበልጠው ግን አባትየው ስለ ልጆቻቸው የተናገሩት ነገር አንቺ ዘንድ መቅረቱ ነው። ልጆቹ አባታቸው ያንን ፎቶ ለእነሱ ብለው ማዘዛቸውን አያውቁም። እስካሁን የሚያውቁት አንድ ሰው አንስቶ ሸጠብን የሚለውን ነው። «ይኼስ ለልጆች ይሁን» ያሉትን ሲሰሙ ያ ታላቅ ልጅ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ከፎቶው እኩል ሳይከብድበት አይቀርም።

ስለ ብሩ። 60 ሺህ ክፈይ አልልሽም፤ አትክፈይም ብዬ አላደነድንሽም። ቁጥሩን ለሽማግሌ ተዪው። ግን አንቺ ሳትጠየቂ ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጪው አንድ ቁጥር አለ፤ ሰባቱ ሺህ። እሱ ከአባባ ፊት ብቻ የመጣ ነው። ወረቀቱንና ፍሬሙን ቀንሰሽ ልትሰጪ ትችያለሽ፤ እኔ ብሆን ሳልቀንስ ለሙት ዓመቱ ዝክር ብዬ እሰጥ ነበር። ያስቸግርሻል፣ አውቃለሁ። የኪራዩም የግብሩም ወር አለ። ባንዴ ካልቻልሽ ግማሹን ይዘሽ ሂጂና የቀረውን ቀን ቁረጪ። ሲሰጥ ግን በሽማግሌ ፊት፣ ስሙ ተጠርቶ። ይህ ከሆቴሉ የተቀበልኩት ነው፣ ከእናንተ አልደብቀውም ብለሽ። ዝም ማሰኛ መስሎ በጎን የሚሰጥ ብር ነገር ያመጣል። በመስታወቱ የመጣልሽን ደንበኛ ደግሞ ማንም በብር ሊተምነው አይችልም፤ እዚያ ውስጥ አትግቢ። እነዚያ ሰዎች የከፈሉሽ የራሳቸውን ፊት ስላነሳሽላቸው ነው።

ሆቴሉንም አትርሺ። ባለቤቱን ሄደሽ አነጋግሪው። የሸጥሽለት ሳታስፈቅጂ እንደነበር ንገሪው። ቤተሰቡ ይውረድ ካለ አውርዶ ብሩን ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ወይም በቦታው ሌላ ፎቶ ሊቀበልሽ ይችላል። ሁለተኛውን አንቺ ቀድመሽ አቅርቢ። የጓሳን ሜዳና ጭላዳ አንስተሽ ከሆነ ለሆቴል ሳሎን ይሆናል፤ ጭላዳ አይከስም። ቤተሰቡ ደግሞ ይቆይ ሊል ይችላል። እንዲያ ካለ ከፎቶው ሥር ምን እንደሚጻፍ እነሱ ይወስኑ። ስማቸው ከነማዕረጉ ሊሆን ይችላል፤ ምንም አይጻፍ ሊሉም ይችላሉ።

ወንድምሽ «ነገ ሁሉም ይመጣል» ማለቱ ግን አሳሰበኝ። ሁሉም ማለት እነማን ናቸው? ሳትጠይቂ የሰቀልሽው፣ ሳትጠይቂ የሸጥሽው ስንት አለ? እሱ አንድ ብቻ ከሆነ የሚመጣ «ሁሉም» የለም፤ ወንድምሽ ያስፈራራሽ በሌለ ነገር ነው። ከአንድ በላይ ካለ ደግሞ እነሱ እስኪመጡ አትጠብቂ። ስልክ ያላቸውን እየደወልሽ ጠይቂ። አብዛኛው ሰው ደስ ይለዋል፤ «ታዲያ ምን አለበት!» ይልሻል። የማይለውን ታወርጃለሽ። በቃ።

አሁን ስለ ካሜራሽ። ጉርድ ብቻ እያነሳሽ ነው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ጉርድ ላይ ማንም አይቀየምም። ሰውየው የመጣበትን ጉዳይ ያውቃል፣ ከፍሎ ይወስዳል፣ ያልቃል። ፖርትሬት ግን ሰውየው ያልጠየቀውን ነገር ከፊቱ መፈለግ ነው። ስለዚህ ፈቃዱም እንደዚያው ሰፋ ማለት አለበት። አባባን «አንዴ ላንሳዎት?» ብለሻቸዋል። «ምን ልረባሽ» ብለዋል። እስኪ እውነቱን እናውራ፤ ይህ እሺ ነው? የእኛ አገር ሰው፣ በተለይ ትልቅ ሰው፣ ቤቱ ገብተሽም ሆነ ቤትሽ ገብቶ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ይሉኝታ አለ። «እሺ» የሚለው ስላፈረ ሊሆን ይችላል፣ ስላላወቀም ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ነገ የት እንደሚውል ማን ነግሮት? እሳቸው ያወቁት ስክሪኑ ላይ ያዩትን ነው። ለእሱም የሰጡት ፈቃድ ግልጽ ነበር፤ ለልጆች ይሁን ብለዋል። ለመስታወቱ ማንም አልጠየቃቸውም። ለሆቴሉም።

ስለዚህ ጥያቄሽን ለያይተሽ ጠይቂ። ላንሳዎት? አንድ ነው። ሱቄ ላይ ብሰቅለውስ? ሌላ ነው። ሰው ልግዛው ቢለኝስ? ይህም ራሱን የቻለ ነው። አንዱን እሺ ብሎ ሌላውን እምቢ የሚል ሰው ይኖራል፤ እንዲያ የሚል ሰው ካገኘሽ ጥያቄሽ ገብቶታል ማለት ነው። በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፈሽ አስፈርሚ። ፊደል ላልቆጠረ ጮክ ብለሽ አንብቢለትና በአሻራ ይሁን፤ የልጁን ስልክ ከጎኑ ጻፊ። ለተሰቀለ ሰው ሁሉ አንድ የታተመ ፎቶ በነጻ ይሁን፤ እዚያው ጉርዱን ሲወስድ ይዞት ይሂድ። «በሚቀጥለው ገበያ ይምጡ» የሚለውን ቃል ከቤትሽ አውጪው። ማተሚያው አጠገብሽ ነው፤ ለጉርዱ ሲጠብቁ ያ ፎቶ አብሮ ይወጣ ነበር። ይህን የምለው ላሳዝንሽ አይደለም፤ የሚስተካከለው ነገር ቀላል መሆኑን እንድታዪው ነው።

የድሮ ፎቶ ቤቶች ላይ አንድ ነገር ነበር። ኔጋቲቩ ኤንቨሎፕ ውስጥ ይገባል፤ ኤንቨሎፑ ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ ያው ቁጥር ባለቤቱ የያዘው ቁራጭ ወረቀት ላይ አለ። ሰው ከዓመት በኋላ ቁራጩን ይዞ ቢመጣ ፎቶው ይገኛል። አባትሽም እንደዚያ ሳይሠራ አይቀርም። ኮምፒውተር ሲመጣ ፋይሉ በዛ፣ ቁራጩ ጠፋ። አንቺ አንድ ደብተር ግዢ። ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ ምን ፈቀደ፣ ምን እንዳለብሽ። የመጨረሻዋን ዓምድ ማታ ማታ ሱቅ ስትዘጊ እያት። ሰርግ ስትወጪም ደብተሩንና የታተሙትን ለሊስትሮው አደራ ልትሰጪው ትችያለሽ፤ ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ከአንቺ ይልቅ ደጅሽን የሚያየው እሱ ነው።

ወደ ፖርትሬት ስትመለሺ መጀመሪያ እናትሽን አንሺ። እዚያው በርጩማ ላይ፣ በዚያው በር ብርሃን። ትንሽ ስትነዘንዝሽ ቆይታ ዝም ያለች ጊዜ አንሺያት። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ይንቀጥቀጥ፤ ሦስተኛው ላይ ይረጋል።

ቤተሰቡ ጋ ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ የቀረሽ ሥራ አለ። ነገ ጠዋት ጫማሽን ሊስትሮው ጋ አስጠርጊ። እየጠረገ ስለዚያን ቀን ጠይቂው፤ አሁንም በደንብ ሳይጠፋበት። በየትኛው ሰዓት ገደማ መጡ? ብቻቸውን ነበሩ ወይስ ከሰው ጋር? ቆመው ሳለ የተናገሩት ነገር ነበር? ፊታቸው ምን ይመስል ነበር? ልጅቷ ይህን ሁሉ ትጠይቅሻለች፤ «አላውቅም» ብለሽ እንዳትመልሺላት።